የጌም አዳራሹ ለቅሶ

ዝም ማለት ደመወዝ ያስገኛል ቢባል ታምናላችሁ? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ሐረር፣ በጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ጫጫታ ሁለት መታጠፊያ ራቅ ብሎ አንድ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ፤ ላዩ የማንበቢያ ክፍል፣ ታቹ ሰፊ አዳራሽ። ሥራዬ ሰው ላይ «እሽሽ» ማለት ነው። በዚህ ሙያ ከመካኔ የተነሳ ቤቴ ውስጥ ድስት ሲንተከተክ እንኳ «እሽሽ» እለዋለሁ። ባለቤቴ ድስት ጆሮ የለውም ትለኛለች፤ እኔ ግን ትንሽ ቀነስ የሚል ይመስለኛል።

ቋሚ አንባቢያችን አንድ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጡረታ የወጡ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ጋዜጣ ይዘረጋሉ፣ እስከ ምሳ ድረስ ጋዜጣው ላይ ይተኛሉ። ጋዜጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ለሚተኛበት ሰው ግን ትኩስም ሆነ ያደረ ለውጥ የለውም። ሌላ አንባቢ ሲመጣ እኔው ራሴ ደንገጥ ብዬ «ማንን ፈልገው ነው?» እላለሁ። እንዲህ ባለ ሰላም ነበር የምንኖረው።

አንድ ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ታዳጊዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት ዝር ስለማይሉ፣ ይመጡ ዘንድ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በታችኛው አዳራሽ የኮምፒውተር ጌም ፕሮግራም ይካሄድ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማኅተሙን ወደ መስኮት ይዤ አየሁት፤ ትክክለኛ ማኅተም ነው። ስድስት ኮምፒውተርና ምስል ግድግዳ ላይ የሚያበራ አንድ ፕሮጀክተር ደግሞ በጋሪ ተጭነው ከደብዳቤው ኋላ ደረሱ።

እኔ ጌም ሲባል የማውቀው ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ያሉትን ጌም ቤቶች ነው። ጎል ሲገባ የሚለቁት ጩኸት የሚሮጥ ባጃጅ ያስቆማል። ያንን ጩኸት በአእምሮዬ አምጥቼ ከተኙት አንባቢያችን ሥር አስቀመጥኩትና ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ማኅተምን እንቢ ማለት አይቻልም። ማኅተምን ማድከም ግን ይቻላል፤ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። አዳራሹ ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም፤ ድምፅ የሚያስፈልገው በማዳመጫ ይስማ፤ የእጅ ስልክ ይጠፋል። ወንበር ሲጎተት ስለሚጮህ ወንበር የለም፣ ወለል ላይ ነው የሚቀመጡት። ወለል ላይ ስለሚቀመጡ ደግሞ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይህችን የመጨረሻዋን ስጽፍ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ካልሲው ያልተቀደደ ወጣት ስንት አለ? ጫማውን ከሚያወልቅ ጌሙን ይተዋል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ሃያ ምናምን ሆነው መጡ። ከፊት የቆመችው ሐናን የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትልቅ መነጽር ያላት፣ ስታዳምጥ አንገቷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል የምታደርግ። በር ላይ የለጠፍኩትን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ጋሼ፣ ጥሩ ደንብ ነው» አለችኝ። «እናቶቻችንም ቤት ስንጫወት የሚሉን ይህንኑ ነው። ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ምንጣፍ ከየቤታችን እናምጣ?»

ምንጣፍ አመጡ። ጫማቸውን አወለቁ። የተቀደደ ካልሲ ነበረ፣ ባለቤቱ ግን ግድ አልነበረውም። ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ላይ ቤት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጩኸቱን ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፤ ኮሽ የለም። ወረድኩና ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የጣት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ። ሃያ ስድስት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ዝምታ ታች አዳራሽ ቁጭ ብሎ ጌም ሲጫወት አገኘሁት።

ደስ ይለኛል ብላችሁ ካሰባችሁ እኔን አታውቁኝም። ተናደድኩ። ደንብ የጣሰን ሰው ትቀጣዋለህ፤ ያከበረውን ምን ታደርገዋለህ? አራት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ብዕሬን አነሳሁና ለበላይ ኃላፊያችን ለአቶ ሰይፉ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። አቶ ሰይፉ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ በደረጃ አለቃዬ ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት እርስዎ፣ በሆዴ አንተ እለዋለሁ። ፕሮግራሙ ለትውልዱ እንደማይበጅ፣ አዳራሹ ለሌላ አገልግሎት ቢውል እንደሚሻል በሰፊው አስረዳሁ። ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ ግን አንድም ቀን ገብቼ አላየሁም ነበር። እሷን ክፍተት «በዝምታቸው ውስጥ ምን እንደሚያሴሩ አይታወቅም» በምትል ዓረፍተ ነገር ደፈንኳት።

አቶ ሰይፉ ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ነገሩ እንደጻፉት ከሆነ ሰኞ አዳራሹን እንረከባለን። የተሰባበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ አጥተው ግቢያችንን ሞልተውታል።»

ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታፍሩልኝ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አለቃዬ ሳይመጣ አንድ ሁለት ማስረጃ ልሰብስብ ብዬ ወረድኩ። የራሴን ደንብ አክብሬ ስልኬን አጠፋሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ገባሁ። ገብቼም በሩ ሥር እንደተተከልኩ ቀረሁ።

የፊተኛው ግድግዳ በሙሉ ከተማ ሆኗል። ከላይ፣ ከሰማይ ላይ ሆኖ የሚታይ ከተማ። ግንቡ ይዞራል፣ አምስቱ በሮች አሉ፣ በመሐል መንገዶቹ እንደ ክር እየተጠማዘዙ ይገባሉ። ከተማው የተሠራው ከጥቃቅን ባለ አራት ማዕዘን ድንጋዮች ነው፤ በጨዋታው ውስጥ አንድ ድንጋይ ትፈልጣለህ፣ ታነሳለህ፣ ትደረድራለህ። ተኩስ የለም፣ ጎል የለም። ሃያ ምናምን ልጅ ተራ በተራ ስድስት ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ይደረድራል። እዚህ ተወልጄ ስልሳ ሊሞላኝ ነው። ከተማዬን ግን ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ ጌም አይቶ መነጽር የጠረገ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ ሳልሆን አልቀርም።

መነጋገር ስለተከለከለ ሐናን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፦ «ጋሼ፣ ጁገል ነው።»

«ማን ሠራው?» ብዬ ጻፍኩ።

«እኛ።»

«በማን ትእዛዝ?»

ጥያቄው አስቸገራት መሰለኝ፣ መነጽሯን ከፍ አደረገች። ቀጥሎ «በማንም» ብላ ጻፈችልኝ። ያለ ማንም ትእዛዝ የተሠራ ሥራ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኳት።

ቁጭ አድርጋ አስጎበኘችኝ። እያንዳንዱ ልጅ የሚሠራው የራሱን ሰፈር ነው። ሳምንቱን በእግራቸው እየዞሩ መንገዱን በእርምጃ ይለካሉ፤ ቅዳሜ መጥተው በድንጋይ ይተክሉታል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስናልፍ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ በየደጃፉ ተደርድረዋል። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ሽንቁሮች አልቀሩም። ጨዋታው ጅብ የሚባል እንስሳ የለውም፤ ልጆቹ ያለውን ውሻ ወስደው አጎበጡት፣ ነጠብጣብ ቀቡት፣ ኋላውን ዝቅ አደረጉት፤ በሽንቁሩ ሲሾልክ ሳየው እግሬን ሰበሰብኩ።

ቤተ መጻሕፍታችንንም አሳየችኝ። ላይ ቤት ገባን። ጠረጴዛው አለ፣ መደርደሪያዎቹ አሉ፣ አንድ ሰው ጋዜጣ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። እነዚህ ልጆች ላይ ቤት መጥተው አያውቁም ብዬ በደብዳቤዬ በማኅተም መስክሬ ነበር። ለካ መጥተው፣ አይተው፣ እኔንም የተኙትንም ላለመቀስቀስ ብለው ተመልሰዋል።

አንድ ጠባብ መንገድ መሐል ላይ ስንደርስ ሁለት ቤቶች መካከል ባዶ ቦታ አገኘን፤ የወለቀ ጥርስ ቦታ ይመስላል። በጣቴ ጠየቅኋት።

«የፈረሰ ቤት ነው። እኛ ሳንወለድ ነው የፈረሰው። ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን አጣን» ብላ ጻፈች። ከሥሯ ጨምራ፦ «ሌላው አልቋል። ይቺ ብቻ ቀረች።»

አራቱ ገጽ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አቶ ሰይፉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ሰኞ ወንበሮቹ ይገባሉ፣ ኮምፒውተሮቹ በመጡበት ጋሪ ይመለሳሉ፣ ይህ ሁሉ ከተማ ከእነ ጅቡ ይጠፋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳላይ። ወጥቼ ልደውልለት፣ አይምጡ፣ ታምሜአለሁ፣ ቤቱ ፈርሷል፣ አንዱን ልበለው ብዬ ስነሳ በሩ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ውጭ የሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔም የሰማሁት በኋላ ነው። ግንቡ ውስጥ የብዙ ሰው ጫማ በር ላይ ተከምሮ ከታየ ነገሩ ይታወቃል። ጫማውና ከበሮው አብረው ካሉ ሠርግ ነው። ጫማና የቁርኣን ድምፅ ከሆነ ትምህርት ወይም ዱዓ ነው። ሃያ ምናምን ጥንድ ጫማ ኖሮ ከውስጥ ትንፋሽ የማይሰማ ከሆነ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቅሶ። ባለፉት ቅዳሜዎች ዘበኛችን በር ላይ ተቀምጦ ለሚጠይቀው ሁሉ ይመልስ ነበር። ያን ዕለት ቀበሌ ጉዳይ ነበረውና ጫማዎቹ ለብቻቸው ቀሩ። መንገደኛ አየ፣ ለጎረቤት ነገረ፣ ጎረቤት ለአፎቻው ነገረ። አፎቻ ማለት እኛ እድር የምንለው ነው፤ ልዩነቱ የእኛ እድር ጥሩምባ እስኪነፋ ይጠብቃል፣ አፎቻ ጫማ ካየ ይበቃዋል።

መጀመሪያ የገቡት ሐጂ ዩሱፍ ናቸው፤ መኪና ግርግር አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ አዛውንት። ከኋላቸው አምስት ስድስት ወንዶች፣ ከእነሱ ኋላ ሻሻቸውን ዝቅ ያደረጉ ሴቶች፣ በሴቶቹ መሐል በሁለት ሰው ትከሻ የተደገፉ እማማ መርየም። እማማ መርየም ሰማንያን ያለፉ ናቸው፤ የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ እሳቸው ካልተገኙበት ያልተለቀሰ ያህል ይቆጠራል። ማንም ምንም ሳይል ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ልጆቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ነው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ አልሰሙም።

ሐጂ ዩሱፍ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አላህ ያጽናህ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ተቀመጥ።»

እኛ አገር ሽማግሌ ሳይጠራ ተሰብስቦ መጥቶ ተቀመጥ ካለህ፣ ወሬው ቆመህ የምትሰማው አይደለም ማለት ነው። መርዶ ነው። ታላቅ እህቴ ድሬዳዋ ትኖራለች፤ ሁለት ሳምንት ታማ ነበር። ስልኬ ደግሞ በገዛ ደንቤ ጠፍቷል፤ ደውለው ሲያጡኝ ሽማግሌ ላኩብኝ አልኩ። ሁሉም ነገር ገጠመ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተቀምጬም አለቀስኩ።

እኔ ሳለቅስ እነሱ የነበራቸው ጥርጣሬ ጠፋ። ሴቶቹ ጀመሩ። ሐጂ ዩሱፍ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ሰው እንባውን ጠርጎ «ደግ ሰው ነበር» አለ፤ ማን እንደነበር ግን አልጨመረም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ነው የሞተው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሁሉም ጎረቤቱ ያውቃል ብሎ አመነ። እንዲህ ስም ሳይነሳ ሩብ ሰዓት ያህል አለቀስን። የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ሥራቸውን ጥለው መጡ፣ ከልባቸውም አዘኑ። ያዘኑት ለሟቹ ሳይሆን ለእኔ ነበር። በዚያ ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት «እሽሽ» ከማለት በቀር ያደረግሁላቸው ነገር የለም።

ሐናን ዘወር ስትል አየችን። ማዳመጫዋን አወለቀች፣ እንደ ደንቡ አልተናገረችም፣ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፦ «ጋሼ፣ ማን ሞተ?»

«እህቴ» ብዬ ጻፍኩ።

«መቼ?»

«አላውቅም። ሐጂ ዩሱፍን ጠይቂ።»

ወረቀቷን ወስዳ ለሐጂ ዩሱፍ ሰጠቻቸው። ሐጂ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጠርገው፣ አድርገው፣ ከላይ ጀምረው አነበቡ።

«እኔ እንዴት አውቃለሁ?» አሉኝ። «እኔ የመጣሁት አንተን ላጽናና ነው።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ሊነግሩኝ የመጡት?»

«ምኑን?»

ስልኬን አበራሁና ደወልኩ። እህቴ አነሳች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ቲማቲም እየከተፍኩ ነው። ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«አልሞትሽም?»

«ማን ነው ሞተች ያለህ?»

«ሐጂ ዩሱፍ» አልኩ። ሐጂ «ወላሂ አልወጣኝም» አሉ።

መሳቅ የነበረብን ያኔ ነው። ግን ልክ በዚያች ደቂቃ አቶ ሰይፉ ገባ። ውጭ ያለውን የጫማ ብዛት አይቶ የራሱንም ጨምሮበታል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ፣ «ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሊያጽናና የመጣን ሰው የሞተ የለም፣ ተሳስተሃል ብሎ ማሳፈር ማን ይደፍራል? ሁላችንም እርስ በርስ ተያየንና እንደገና አዘንን።

እማማ መርየም ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም። ከተቀመጡ ጀምሮ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። በመጨረሻ ጣታቸውን አነሱ።

«ይሄ የእኛ መንገድ አይደለም ወይ?»

ሐናን ወደ እኔ አየች። ደንቡ እንዳለ ነው። እኔም አየኋት፤ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

«ነው፣ እማማ» አለች ሐናን። አዳራሹ ውስጥ ከልጆቹ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ያ ነው። «እንግባበት?»

ከሰማይ ወረድንና መንገዱ ውስጥ ገባን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገባን። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሙሉ ወደ ግራ ዘመም አሉ። «ቀስ በይ፣ እዚህ ደረጃ አለ» አሉ ሐጂ ዩሱፍ፤ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን አነሱ። አንዷ ሴት የእናቷን በር አገኘችና አፏን በሻሿ ያዘች። ልጆቹ ማዳመጫቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። የሠሩትን ቤት የሚያውቅ ሰው ሲያገኙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ባዶው ቦታ ስንደርስ እማማ መርየም «ቁሚ» አሉ። ሐናን ቆመች።

«ቤቴ የት ሄደ?»

ሐናን አንገቷን ዘንበል አደረገች። «የእርስዎ ነው? ያየው ሰው አጥተን ነው የተውነው።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ እማማ መርየም። «ጻፊ።»

ሐናን አልጻፈችም፣ ሠራች። እማማ መርየም ይናገራሉ፣ ልጅቷ ትደረድራለች። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፣ ግቢው ውስጥ አንድ የሮማን ዛፍ አለ። ውስጥ አምስት መቀመጫ መደብ፣ እዚህ ነደባ የምንለው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። ትልቁ ለአባት፣ በሩ አጠገብ ያለው ለእንግዳ። ግድግዳው ላይ ስንት ሳህን እንደነበረ፣ የትኛው ሳህን ጠርዙ ላይ ሸረፍ እንዳለ ሳይቀር። ስልሳ ዓመት ያልገቡበትን ቤት ዓይናቸውን ጨፍነው ያስጎበኙናል። ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ የማላውቅ ሰውዬ አፌን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

«በሩ አናት ላይ ምንጣፍ ነበረ?» ስትል ጠየቀች ሐናን። ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት በበሩ አናት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ይሰቅላል።

«ሁለት» አሉ እማማ መርየም። «የእኔና የእህቴ የዘይነብ። የእሷን ከፍ አድርጊው። ታላቄ ነበረች። ሳትዳር፣ ምንጣፉም ሳይወርድ ነው የሄደችው።»

ሐናን ሁለቱን ሰቀለች፤ አንዱን ከፍ አድርጋ። እማማ መርየም አዩትና ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። «አላህ ይርሐማት» አሉ ሐጂ ዩሱፍ፤ «አሚን» አለ አዳራሹ። አቶ ሰይፉም ከበሩ ሥር «ነፍሷን ይማር» አለ። ከሰዓት ጀምሮ ባለቤት አጥቶ የነበረው ለቅሶ ባለቤቱን አገኘ።

ከዚያ አቶ ሰይፉ ተነስቶ አጠገቤ መጣና ከኮቱ ኪስ ደብዳቤዬን አወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ግን ዝምታን በደንብ ያሠለጠንኩበት አዳራሽ ነበርና ሁሉም ሰማ። «ጋሼ፣ ጊዜው ባይሆንም፣ አዳራሹን ሰኞ እንደምንረከብ ተነጋግረን ነበር። በደብዳቤው መሠረት።»

«የምን ደብዳቤ?» አለች ሐናን። «አዳራሹ ይዘጋ ብሎ የጻፈ ሰው አለ?»

አቶ ሰይፉ ጨዋ ነው፤ ወረቀቱን አጠፈው። ዝም ብል ዝም ሊልልኝ ነበር፣ ከፊቱ አየሁት። ዝምታ ደግሞ ሙያዬ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሳላይ ነው የጻፍኩት።»

ሐናን ምንም አላለችኝም። ሌሎቹም አላሉኝም። ሰድበውኝ ቢሆን እመርጥ ነበር። ያን ቀን ከሰማኋቸው ዝምታዎች ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፣ እስከ ዛሬም ይከብደኛል።

«ምን ሊያደርጉበት ነው?» አሉ እማማ መርየም።

«የተሰበረ ወንበር ሊያስቀምጡበት» አልኳቸው።

እማማ መርየም ወደ አቶ ሰይፉ ዞሩ። አልተቆጡም። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ይሄ ቤት አንድ ጊዜ ፈርሷል። ያኔ ያፈረሰው ዝናብ ነው፤ ዝናብን ምን ይሉታል። አሁን ግን አንተን አውቅሃለሁ።»

አቶ ሰይፉ ግድግዳውን አየ፣ ሁለቱን ምንጣፎች አየ፣ የራሱን ካልሲ አየ። ከዚያ አራቱን ገጽ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ደብዳቤ አልደረሰኝም» አለ። «ወንበሮቹን ሌላ ቦታ እፈልግላቸዋለሁ።»

አንዳንዶቹ ሴቶች መረቁት። ልጆቹ መጮህ ፈልገው እኔን ስላዩ ተዉት፤ እኔም ጩኹ ልላቸው ፈልጌ እንዴት እንደሚባል አላወቅሁም። እማማ መርየም ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

«መብራት ሲሄድስ?» አሉ። «ቤቴ ይፈርሳል?»

«አይፈርስም፣ እማማ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጣል» አለች ሐናን።

«እስከ መቼ?»

ሐናን ወደ ኮምፒውተሩ አየች። የማታውቀውን የምትናገር ልጅ አይደለችም። እኔ፣ ያጠፋሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልክስ ቸኩዬ፣ ደረቴን ነፋሁ።

«እኔ እስካለሁ ድረስ፣ እማማ።»

እማማ መርየም ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተማ ጡረታህ ደርሷል» አሉኝ። «የጠየቅሁት ልጅቱን ነው።»

እውነታቸውን ነው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። የአዳራሹ ቁልፍ ከሠራተኛ እጅ አይወጣም፣ ይህ በጽሑፍ ያለ ነገር ነው፤ አለቃዬም አጠገቤ ቆሟል። ቁልፉን አወጣሁና በሐናን መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። አቶ ሰይፉ በዚያች ሰዓት የሮማኑን ዛፍ እያደነቀ ነበር፣ አላየኝም።

ሐናን ቁልፉን ጨበጠች።

«እኔ እስካለሁ ድረስ» አለች።

እማማ መርየም ራሳቸውን ነቀነቁና ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው በሩን ክፈቺልኝ» አሉ፤ «ልግባ።»

ሐናን ግድግዳው ላይ ያለውን የቤታቸውን በር ከፈተችላቸው።